የቮግለር ሠረገላና የማደንዘዣ ሙያ

በኢንግማር በርግማን «አንሲክቴት» ውስጥ አንድ የጉሮሮ ምርመራ አለ። ፊልሙ በ1958 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ፣ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ የስዊድን ፊልም ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ዘ ማጂሺያን» ይሉታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ የሚፈጸመው በ1846 ነው። አልበርት ኢማኑኤል ቮግለር የሚባል፣ በሠረገላ ካገር አገር እየዞረ ምትሀትና «መግነጢሳዊ ፈውስ» የሚያሳይ ሰው ከነጓዶቹ ስቶክሆልም መግቢያ ላይ ተይዞ ወደ አንድ ባለጸጋ ቤት ይወሰዳል። የቤቱ ጌታ ቆንስል ኤገርማን፣ የፖሊስ አዛዡ ስታርቤክና የሕክምና ሹሙ ዶክተር ቨርጌሩስ ይጠብቁታል። ቆንስሉና ዶክተሩ ተወራርደዋል፤ ከተፈጥሮ ሕግ ውጪ የሆነ ኃይል አለ ወይስ የለም? ቮግለር ዲዳ ነው ተብሏል። ዶክተሩ አፉን ያስከፍተዋል፤ ምላሱን ያያል፤ ጉሮሮውን ይመረምራል። ከዚያም ዲዳ የሚያደርግ ምንም ምክንያት እንዳላገኘ ለተሰበሰበው ሰው ይናገራል።

ዶክተሩ ልክ ነው። ሌሊት ቮግለር ከሚስቱ ጋር ብቻውን ሲሆን ድምፁን እንሰማለን።

እኔ ደሴ ውስጥ ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ። ሰው አፉን እንዲከፍት መንገር፣ ምላሱን እንዲያወጣ መጠየቅ፣ አንገቱን ማየት የዕለት ሥራዬ ነው፤ ሰመመን ውስጥ ሲገባ የመተንፈሻ ቱቦው በቀላሉ ይገባ እንደሆነ የምንገምተው በዚያ ነው። ስለዚህ በቨርጌሩስ እጅ ላይ ያየሁት የሙያዬን እንቅስቃሴ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በፊት ባለው ነገር ላይ ነው። እኔ አፍ ከማስከፈቴ በፊት ስም እጠይቃለሁ። ከየት እንደመጣ፣ ከኩታበር ይሁን ከደላንታ ወይስ ከወግዲ፣ ማን አብሮት እንዳለ፣ እህል ከቀመሰ ስንት ሰዓት እንደሆነው እጠይቃለሁ፤ ምን እንደማደርግም እነግረዋለሁ። ቨርጌሩስም ጥያቄ አያጣም፤ ጥያቄዎቹ ሁሉ ግን ሰውየውን ለመርታት የተዘጋጁ ናቸው። ከፊቱ የቆመው ሰው ፊቱ በላብ ርሷል፣ ዓይኑ ተቃጥሏል፣ አንድ ነገር ክፉኛ ያስጨንቀዋል። ይህን የምናየው ማክስ ቮን ሲዶቭ ያለ አንዲት ቃል ስለሚያሳየንና ካሜራ የያዘው ጉናር ፊሸር ከፊቱ አልነሳ ስለሚል ነው። ዶክተሩ ግን ይህን ሁሉ እንደ ምልክት አይመዘግበውም።

ፊልሙን ያመጣልኝ ኮምቦልቻ የሚሠራው ወንድሜ ነው። ክረምት ነበር፤ የኮምቦልቻው መንገድ የሚያልፍበት ሐረጎ በጉም ተሸፍኖ መኪና ከፊቱ ያለውን መንገድ የማያይበት ምሽት ስለሆነ ወደ ታች አልመለስም ብሎ እኛ ዘንድ አደረ። ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ተቀመጥን፤ አክስቴም አጠገባችን ጋቢዋን ተከናንባ ከሰሏን እያራገበች። እንግሊዝኛ ጽሑፉን እኔ እያቆምኩ በአማርኛ አነብላታለሁ። እንዲህ ማየት ፊልሙን ያረዝመዋል፣ ግን ብዙ ይጠቅማል፤ እያንዳንዱን ንግግር በአፌ ስለምለው ማን ለማን ምን እንደሚል አያመልጠኝም።

ወንድሜ መሐንዲስ ነውና ገና ሳይጀመር የቨርጌሩስ ወገን ነው። «እታለም፣ እንዲህ ያለ ሰው ስንት አለ እኮ በየሰፈሩ! ብር እየተቀበለ ሰው የሚያደነዝዝ። አንድ ሐኪም ተነስቶ ‘ይህ ውሸት ነው’ ቢል ምን ጥፋት አለው?» አለኝ። ጥፋት የለውም። እኔም በየዕለቱ የማየው አለ፤ መታከም በነበረበት ጊዜ ሌላ ቤት ሲዞር ቆይቶ ሆዱ ከተበላሸ በኋላ የሚመጣልን ሰው። ፊልሙም ቢሆን የቮግለርን ቡድን አይሸፋፍንም። ወሬኛው ቱባልና የቮግለር አያት የተባሉት አሮጊት ወጥ ቤት ገብተው ለገረዶቹ መስተፋቅር ይሸጣሉ። የቮግለር ሚስት ማንዳ ወንድ መስላ «አማን» እየተባለች ትዞራለች፤ ዶክተሩ ሲያፋጥጣት ሁሉም ማታለያ እንደሆነ፣ ተአምር የሚባል ነገር አንድም እንደሌለ ራሷ ትነግረዋለች።

ስለዚህ ክርክሩ ምትሀት እውነት ነው ወይስ ውሸት የሚለው አይደለም። ያ ገና ሳይጀመር ተዘግቷል። እኔን የያዘኝ የዶክተሩ ጥፋት ነው፤ ደጋግሜ ካየሁት በኋላ ብዙ ሰው ከሚለው ተቃራኒ ላይ ደርሻለሁ። ስለዚህ ፊልም የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ቨርጌሩስ ሳይንስ አብዝቶ ልቡ የደነደነ ሰው ነው የሚል ነው። እኔ ሳይንሱ አነሰበት ነው የምለው።

ለዚህ ከፊልሙ ትንሽ ወጣ ማለት ያስፈልገኛል።

«መግነጢሳዊ ፈውስ» በርግማን የፈጠረው ነገር አይደለም። ፍራንዝ አንቶን ሜስመር የሚባል ሐኪም በሰው አካል ውስጥ የሚፈስ የማይታይ ኃይል አለ፣ እሱን በማስተካከል በሽታ ይድናል ብሎ ፓሪስን ጉድ አሰኝቶ ነበር። በ1784 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ኬሚስቱ ላቮዋዚዬ ነበሩበት። ፍራንክሊን ይኖርበት በነበረው ፓሲ፣ ጓሮ ውስጥ፣ የሜስመር ተከታይ የነበረው ዴስሎን አንዱን የአፕሪኮት ዛፍ «መግነጢስ» አደረገው። ከዚያ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ዓይኑ ታስሮ ከዛፍ ዛፍ ተመራ። ኃይሉ አለበት የተባለው ዛፍ ጋ ሳይደርስ አራተኛው ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። ያ ዛፍ ምንም አልተደረገበትም ነበር። ኮሚሽኑም ኃይል የተባለው ነገር የለም፣ የሠራው ምናብ ነው ብሎ ደመደመ።

ይህን ለአክስቴ ስነግራት ከሰሉን ትታ ቀና አለች። «አጃኢብ! ሌባ ሻይ ማለት እኮ ነው!» ከአያቷ የሰማችውን አጫወተችን። ዕቃ ሲሰረቅ አንድ ልጅ ይመጣል፤ መድኃኒት ያጠጡታል፣ ያጨሱታል፤ ወገቡን በመቀነት አስረው ይለቁታል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ይህ ባገራችን እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ እንደ ፍርድ የሚታይ ሥርዓት ነበር። አክስቴ ስለ ፓሲው ልጅ የጠየቀችኝን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። «ልጁስ ምን ሆነ? ሲነቃ ማን ቀና አደረገው?»

ኮሚሽኑ የሠራው ሥራ በጣም ትልቅ ነው፤ እስከ ዛሬ መድኃኒት የምንፈትንበት መንገድ አንዱ ሥሩ እዚያ ጓሮ ውስጥ ነው። ይሁንና አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ቀርቷል። ምንም በሌለበት አንድን ልጅ ጤነኛ ሳለ መሬት ላይ የሚጥል ምናብ ካለ፣ ያ ራሱ ምንድን ነው? ለሕመምተኛ ምን ሊያደርግ ይችላል? ዴስሎን ይህንኑ አንስቶ ነበር፤ ምናብ የሚያድን ከሆነ ለምን አንጠቀምበትም ብሎ። ሰሚ አላገኘም፤ «ምናብ ነው» ከተባለ በኋላ ፋይሉ ተዘጋ። ቨርጌሩስ ልክ የዚያ የተዘጋ ፋይል ልጅ ነው። ቮግለር ላይ ኃይል ካላገኘ የቀረው ሁሉ ለእሱ ባዶ ነው።

አሁን ወደ 1846 ልመለስ። ይህ ዓመት ለእኔ ሙያ የልደት ዓመት ነው፤ በርግማን አስቦበት ይሁን ሳያስብ፣ ፊልሙን እዚያው ዓመት ላይ አስቀምጦታል። ታኅሣሥ 1844 ሃርትፎርድ በሚባል የአሜሪካ ከተማ ጋርድነር ኮልተን የሚባል ሰው መድረክ ላይ ሰዎችን የሳቅ ጋዝ እያስተነፈሰ ሕዝብ ያስቅ ነበር፤ ትርኢት ነው፣ በትኬት። ተመልካቾቹ መካከል ሆራስ ዌልስ የሚባል ጥርስ ሐኪም ነበር። ጋዙን የሳበ አንድ ሰው እግሩን ክፉኛ አቁስሎ ሳይሰማው ሲቀመጥ አየ። በማግሥቱ የራሱን ጥርስ በዚያ ጋዝ አስነቀለ። በ1845 መጀመሪያ ቦስተን ሄዶ ለሐኪሞች ሊያሳይ ሲሞክር ግን ታካሚው ጮኸ፤ አዳራሹም አጭበርባሪ ብሎ አባረረው። በዚያው ዓመት ጄምስ ኤስዴል የሚባል ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ሕንድ ውስጥ ሕመምተኞችን በሜስመር ዘዴ እያስተኛ ትላልቅ ዕጢ ያወጣ ነበር። ከዚያ ጥቅምት 16 ቀን 1846 ዊሊያም ሞርተን፣ እሱም ጥርስ ሐኪም፣ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ውስጥ ኤተር አስተንፍሶ አንድ ሰው አስተኛ፤ ቀዶ ሐኪሙ ዋረን ከአንገቱ ላይ ዕጢ አወጣለት፤ ሰውየው አልጮኸም። ሞርተን የኤተሩን ማንነት ለመደበቅ ቀለምና ሽታ ጨምሮበት «ሌቲዮን» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። ሽታው ግን አላስደበቀውም።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስናገር ሁልጊዜ አንድ ነገር ደረቴን ይሞላዋል። ዛሬ እናት ልጇን በሰላም የምትገላገልበት፣ አጥንቱ የተሰበረ ገበሬ ሳይጮኽ የሚታሰርበት እውቀት የወረደው ከቮግለር ዓይነት ሠረገላ ላይ ነው። ትርኢት ቤት ተቀምጦ ያየውን በቁም ነገር የወሰደ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ከዚያም ጥብቅ ሆነው የመዘኑት ሐኪሞች ባይኖሩ ኖሮ፣ እኛ አሁንም ሰው በአራት ጎረምሳ ይዘን እንቆርጥ ነበር። ዌልስ ከመድረኩ ፊት ተቀምጦ አየ፤ ቨርጌሩስ ተቀምጦ ተሳለቀ። ትልቁ ልዩነት ይህ ይመስለኛል።

ስለ ሥራችን ትንሽ ልበል። ምጥ ጸንቶባት በቀዶ ጥገና የምትወልድ ሴት አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፤ ትራስ ታቅፋለች፤ እኔ ወገቧ ላይ መርፌ እሰጣታለሁ። በደቂቃዎች ውስጥ እግሯ ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ ከዚያ አይታዘዛትም። ይህ እንደሚሆን፣ ከሰዓታት በኋላም እንደሚመለስ አስቀድማ ካላወቀች ሽባ የሆነች ይመስላትና ትደነግጣለች፤ ልቧ ይመታል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ካወቀች ግን «አሁን ሞቀኝ… አሁን ከበደኝ» እያለች ራሷ ትነግረኛለች። መድኃኒቱ ያው ነው። ኬታሚን የሚባለውን ማደንዘዣ ስሰጥም ሕመምተኛው ከመተኛቱ በፊት ደስ የሚለውን ቦታ እንዲያስብ እጠይቀዋለሁ፤ ኬታሚን ሰውን ሕልም ውስጥ ይጥላል፣ በፍርሃት የገባ ብዙ ጊዜ በፍርሃት ይወጣል። አንድ የተንታ ሽማግሌ እርሻቸውን ጠሩልኝ፤ ሲነቁ በሬ እየነዱ ነበር። ክታብ አንገታቸው ላይ ያሰሩትንም አልቆጣም፤ ቀዶ ጥገናው የሚደርስበት ቦታ ከሆነ በንጹሕ ጎዝ ጠቅልዬ ትራሳቸው ሥር አደርገዋለሁ፣ ያለበትንም አሳያቸዋለሁ። ከዚያ «አብሽሩ» እላለሁ። ወሎ ውስጥ ይህች ቃል ሙስሊምም ክርስቲያንም ያበረታታል፤ የተሸበረ ትከሻ ሲወርድ በዓይኔ አያለሁ።

ወንድሜ እዚህ ላይ «ታዲያ አንቺም ቮግለር ነሽ ማለት ነው» አለኝ። አይደለሁም። እኔ የምነግራቸው እውነት ነው፤ እግሩ ይመለሳል ስል ስለሚመለስ ነው። ይህም ደግሞ የስሜት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ተለክቷል። በ1963 ላውረንስ ኤግበርትና ባልደረቦቹ፣ ማደንዘዣ ሰጪው ከቀዶ ጥገና በፊት ሄዶ ሕመምተኛውን ማነጋገሩ ከማረጋጊያ መድኃኒት ይልቅ እንደሚያረጋጋ አሳዩ። በዓመቱ ደግሞ ሆዳቸው የሚከፈት ሕመምተኞችን ለሁለት ከፈሉ፤ አንደኛው ቡድን ሕመሙ የት የት እንደሚሰማው፣ ለምን እንደሚመጣ፣ ጡንቻውን እንዴት እንደሚያላላ በዝርዝር ተነገረው፤ ሌላው አልተነገረውም። የተነገራቸው ከቀዶ ጥገናው በኋላ የወሰዱት የሕመም ማስታገሻ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር፤ ከሁለት ቀን በላይም ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቀዶ ሐኪሞቹ ማን ምን እንደተነገረው አያውቁም ነበር። ሥራው የተሠራው እዚያው ሞርተን ኤተሩን ያሳየበት ሆስፒታል ነው። የዴስሎን ጥያቄ መልስ ያገኘው ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሳይንስ፣ በቁጥር ነው።

አሁን ሰገነቱ ላይ ያለውን ትዕይንት ተመልከቱት። በማለዳው ትርኢት ላይ ቮግለር የቤቱን ሠረገላ ነጂ አንቶንሶንን በማይታይ ሰንሰለት ያስረዋል። ግዙፉ ሰው መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ሲፈታ ቮግለር ላይ ዘሎ አንገቱን ያንቀዋል። ቮግለር ሞተ ይባላል። ቨርጌሩስ ሲመኘው የኖረው ቀን ደረሰ፤ ሬሳውን ሰገነት ላይ ከፍቶ ይመረምራል፣ የተለየ ነገርም አያገኝም። የከፈተው ግን ቮግለርን አይደለም። ሽፔግል የሚባል፣ እነ ቮግለር መንገድ ላይ ያነሱት፣ በመጠጥ የተጎዳ ተዋናይ ሬሳ ነው። (ሽፔግልን የሚጫወተው ቤንግት ኤከሮት ከዚህ ፊልም አንድ ዓመት ቀድሞ በወጣው የበርግማን ፊልም ላይ ሞትን ሆኖ የመጣው ሰው ነው።) ትናንት አፉን ከፍቶ ምላሱን ያየውን ሰው ዛሬ ከሌላ ሰው አልለየውም!

እኛ ዘንድ ቢላ ቆዳ ከመንካቱ በፊት ሁላችንም ቆመን ጮክ ብለን የምንለው ነገር አለ፤ የታካሚው ስም ማን ነው፣ ምን ሊሠራለት ነው፣ በየትኛው ጎን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ዝርዝር ነው። የመጀመሪያው መስመር ማንነት ነው። ቨርጌሩስ አእምሮ ሊመዝን ተነስቶ ያን የመጀመሪያ መስመር ዘለለ።

ከዚያ ቮግለር በጨለማው ሰገነት ውስጥ ይጫወትበታል። የቀለም ብልቃጥ ውስጥ ዓይን፣ ብቻዋን የተቆረጠች እጅ፣ መስታወት ውስጥ ፊት፤ መነጽሩ ይሰበራል፣ በሩ ተቆልፏል። ዶክተሩ ይጮኻል፣ ይሸሻል፣ አንገቱ ይያዛል። ማንዳ ደርሳ ባታስቆመው ምን እንደሚሆን እንጃ። ሲረጋጋ ምን ተሰማህ ቢባል ትንሽ የሞት ፍርሃት ብቻ ነበር ይላል።

እዚህ ላይ አቁሜ ወንድሜን «ተመልከት፣ አሁን ማን ነው የዋሸው?» አልኩት። የሰው አእምሮ በፍርሃት ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማን አግኝቶ ያውቃል? በገዛ አካሉ፣ ነቅቶ ሳለ፣ የሠለጠነ ሐኪም ሆኖ። ያየውን በትክክል ቢጽፍ ኖሮ ውርርዱን አይሸነፍም ነበር፤ ከተፈጥሮ ውጪ የሆነ ነገር አልደረሰበትምና። ግን ውጤቱን ቀነሰው። ወንድሜ ብዙ ዝም ብሎ «እሱስ ዳታ መሰረዝ ነው» አለ። በዚህ ተስማማን።

ይህን ሁሉ ስል ቮግለርን ነጻ አላወጣውም። የቆንስሉ ሚስት ኦቲሊያ ልጅ ሞቶባታል። ልጄ ለምን እንደሞተች የምትነግረኝ አንተ ነህ፣ የመጣኸው ለዚህ ነው ትለዋለች። ይህን ስተረጉም አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ እሷም የቀበረችው አለ። «ወይኔ እናቴ፣ ሰው አጥታ እኮ ነው ይህን የምትለምነው» አለች። ባሏ ተደብቆ ይሰማል፣ ሐኪሙ አንድ ፎቅ ላይ ተቀምጧል፣ ያቺ ሴት ግን የምትነግረው ዲዳ መስሎ ለቆመ እንግዳ ነው። ቮግለር አይመልስላትም፣ አያባርራትምም። እንዲህ ያለ ሐዘን በእጅህ ሲገባ ዝም ብሎ መቀበል ምን ያህል ከባድ ጥፋት እንደሆነ የሚያውቀው ሕመምተኛ ፊት የቆመ ሰው ነው። በዚያ ቤት ውስጥ የሚያስፈልገውን ያደረገች ለእኔ አሮጊቷ ናት፤ የፈራችውን ታናሽ ገረድ ሳናን አባብላ ታስተኛታለች። መስተፋቅር ሻጭም ብትሆን ያን ጊዜ ልጅቱን አየቻት።

በመጨረሻ ቮግለር ጢሙን አውልቆ፣ ተራ ሰው ሆኖ፣ ገንዘብ ይለምናል፤ ዶክተሩ ሳንቲም ይወረውርለታል። ከዚያ በድንገት ከቤተ መንግሥት መልእክት ይመጣል፣ ንጉሡ ትርኢቱን ማየት ይፈልጋል። ዝናቡ ያባራል፣ ሙዚቃው ይደምቃል፣ ሠረገላው ይነሳል። ወንድሜ ሳቀ፤ እኔም ፊልሙ እዚህ ላይ ቸኮለ እላለሁ። አክስቴ ግን አልሳቀችም።

«ያ ሠረገላ ነጂውስ?» አለች።

አንቶንሶን ሰው የገደለ መስሎት ራሱን ሰቅሏል። ቮግለር ለትርኢት ብሎ ያሰረው፣ ዶክተሩ ለውርርድ ብሎ ያስቀረበው ሰው ነው፤ ምንም ሳይረዳ ሞተ። «ማን ቀበረው? ቅሬ የላቸውም እንዴ?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ (ቅሬ እኛ ዘንድ ዕድር ማለት ነው)። ወደ ኋላ መልሼ ፈለግኩላት። በዚያ የመጨረሻ ደስታ ውስጥ አንቶንሶን ቦታ የለውም፤ ስለዚህ የለም አልኳት። እሷም «እንግዲያ ሁለቱም ዕዳ አለባቸው» ብላ ከሰሉን መለሰች፤ እኔም ከዚያ ወዲህ የቮግለርና የቨርጌሩስ ነገር በተነሳ ቁጥር ከሁለቱ ማን ረታ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምነግረው ስለ አንቶንሶን ነው።